ለእንግዳ ታካሚ የካናቢስ ማዘዣ አለ ወይ?

ሰኔ ገብቶ ትምህርት ቤት ሲዘጋ የሲያትል የሐበሻ ቤቶች እንግዳ በእንግዳ ይሆናሉ። እናት አራስ ልጇን ለመጠየቅ፣ አባት የልጅ ልጁን ለማየት፣ አክስት ለምርቃት ይመጣሉ። ብዙዎቹ ከበርበሬውና ከሽሮው ጋር የስኳር፣ የደም ግፊት፣ አንዳንዶቹም የካንሰር መድኃኒታቸውን ይዘው ነው የሚመጡት። እኔ በደቡብ ሲያትል ፋርማሲስት ነኝ። ድሮ ወደ መስኮቱ ጠጋ ብሎ በአማርኛ የሚጠይቀኝ ሰው ጉዳዩ ዋጋ ወይም ኢንሹራንስ ነበር። ከቅርብ ዓመታት ወዲህ ሌላ ጥያቄ ተጨምሯል፦ «ዶክተር፣ እናቴ በጉብኝት ቪዛ ነው የመጣችው፤ የካንሰር ኬሞ ላይ ናት። እዚህ አገር ካናቢስ ለሕመም እንደሚሰጥ ሰምተናል። ወረቀቱን የሚጽፍልን ሐኪም ያውቃሉ?»

ጥያቄው ሲነሳ ሁልጊዜ ድምፅ ዝቅ ይላል። አገር ቤት «አደንዛዥ ዕፅ» ሲባል የኖረ ነገር ስለሆነ ልጆቹም ያፍራሉ፤ እናቶቹም እንዳይሰሙ ይፈለጋል። እኔ ግን የሚያሳፍር ነገር አይታየኝም። እናቱ ምግብ አልረጋ ብሏት ስታስመልስ የሚያድር ልጅ መፍትሔ ቢፈልግ ምን ያስነቅፈዋል? የሚያሳስበኝ መልሱን ከማን እንደሚያገኝ ነው። ጓደኛ፣ ቲክቶክና ሱቅ የየራሳቸውን ይነግሩታል፤ የሦስቱም መልስ አብዛኛውን ጊዜ ግማሽ እውነት ነው።

ከሕጉ ልጀምር (ዓመቶቹን ሁሉ የምጽፈው እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው)። የዋሽንግተን ግዛት ሕዝብ ካናቢስን ለሕክምና የፈቀደው በ1998 በድምፅ ነው። በ2012 ደግሞ ዕድሜው 21 ለሞላ ሰው ሁሉ ፈቀደ፤ ሱቆቹ በሐምሌ 2014 ተከፈቱ። ከሐምሌ 2016 ጀምሮ የሕክምናውና የሌላው ሽያጭ በአንድ ሥርዓት ሥር ሆነ። የሕክምናው ወረቀት የግዛቱ ጤና መምሪያ ያዘጋጀው ቅጽ ነው፤ ሐኪም፣ ናቱሮፓት፣ የሐኪም ረዳት ወይም ከፍተኛ ነርስ ሊሞላው ይችላል። ካንሰር፣ ኤችአይቪ፣ የሚጥል በሽታ፣ በሌላ ሕክምና ያልተቻለ ሥቃይ እና ሌሎችም ሕጉ የዘረዘራቸው በሽታዎች ያስፈልጋሉ። ለአዋቂ አንድ ዓመት ያገለግላል። ቅጹን ይዞ የሕክምና ፈቃድ ወዳለው ሱቅ የሄደ ሰው ካርድ ይሰጠዋል፤ ካርዱ ግብር ያስቀንሳል፣ መያዝ የሚፈቀደውንም መጠን ከፍ ያደርጋል።

ሰዎች የማያነቡት አንድ ሐረግ እዚሁ ሕግ ውስጥ አለ። ሕጉ «ታካሚ» የሚለው በሽታው ሲታወቅ የዋሽንግተን ነዋሪ የነበረን ሰው ነው። ሕመማቸው በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ታውቆ ለሦስት ወር ልጃቸው ዘንድ የመጡ እናት በዚህ ውስጥ አይገቡም። የልጅን አድራሻ እንደ ራሳቸው አድርጎ ማስሞላት መፍትሔ አይደለም፤ በሕግ ፊት የሐሰት ቃል ነው። ገንዘብ እየተቀበለ «ችግር የለውም፣ እንሞላዋለን» የሚል ሰው ቢያጋጥማችሁ ጥላችሁት ውጡ። ነገ ጣጣው የሚተርፈው ለእናንተ እንጂ ለሱ አይደለም።

ለነዋሪም ቢሆን ያ ቅጽ እኛ ፋርማሲ ውስጥ መድኃኒት የሚያሰጥ ማዘዣ አይደለም። በ1970 የወጣው የፌዴራል ሕግ ካናቢስን ከሄሮይን ጋር በአንደኛው ምድብ አስቀመጠው፤ በዚህ ምድብ ያለን ነገር ሐኪም ሊያዝ፣ ፋርማሲም ሊሸጥ አይችልም። የሳን ፍራንሲስኮው የፌዴራል ይግባኝ ፍርድ ቤት በ2002 ሐኪም ስለ ካናቢስ ታካሚውን ቢመክር እንደማይቀጣ ወሰነ፤ የዋሽንግተኑም ቅጽ የቆመው በዚህ ላይ ነው።

«እሺ፣ ወረቀቱ ይቅር፤ ሱቅ ገብቼ እገዛላታለሁ» ይሉኛል። እውነት ነው፣ የሚቻል ይመስላል። ከቼሪ ጎዳና የሐበሻ ምግብ ቤቶች ጥቂት ብሎክ ዘልቆ ሱቅ አለ። ዕድሜው 21 የሞላ እንግዳ የኢትዮጵያ ፓስፖርቱን አሳይቶ እስከ 28 ግራም ቢገዛ የዋሽንግተን ፖሊስ አይነካውም። ግን ቪዛ የሚሰጠውም የሚነሳውም የፌዴራሉ መንግሥት ነው። በኢሚግሬሽን ሕግ ደግሞ ክስም ፍርድም ሳይኖር፣ ሰውየው ራሱ ለመኮንን «አዎ፣ ተጠቅሜያለሁ» ብሎ ማመኑ ብቻ ቪዛ ሊያስከለክለው፣ ግሪን ካርዱንም ሊያስቀርበት ይችላል። በግንቦት 2024 የፍትሕ ሚኒስቴር ካናቢስን ወደ ሦስተኛው ምድብ የማውረድ ሐሳብ ባቀረበ ጊዜ «ተፈቀደ እኮ» ያሉኝ ነበሩ። የኢሚግሬሽኑ ሕግ ግን ቁጥጥር የሚደረግባቸውን ዕፆች በሙሉ የሚመለከት ስለሆነ ከአንደኛ ወደ ሦስተኛ መውረዱ ብቻውን እገዳውን አያነሳም።

ይህ እንግዳውን ብቻ የሚነካ ነገር አይደለም። የዜግነት መሥሪያ ቤቱ በሚያዝያ 2019 ባወጣው መመሪያ፣ ግዛቱ ቢፈቅድም ካናቢስ መጠቀምም ሆነ በንግዱ መቀጠር የዜግነት ጠያቂን የመልካም ጠባይ መስፈርት ሊያሳጣው እንደሚችል በግልጽ ጽፏል። ለእናቱ የሚገዛው ልጅ ራሱ ግሪን ካርድ ያዥ ከሆነ፣ ነገ ተክዊላ ባለው የመሥሪያ ቤቱ ቢሮ ለዜግነት ቃለ መጠይቅ ሲቀርብ የሚመለከተው ጉዳይ ነው። ዋሽቶ ማለፍም አይታሰብ፤ ለመኮንን የተነገረ ውሸት በራሱ ሌላ እገዳ ያመጣል። የተጠቀመ ሰው ማመልከቻ ከማስገባቱ በፊት የኢሚግሬሽን ጠበቃ ያነጋግር።

ከሕጉ ይልቅ የበለጠ የሚያስጨንቀኝ ግን አካላቸው ነው። የአንዲት እናትን ጉዳይ ልንገራችሁ፤ ማንነታቸውን የሚያሳውቀውን ነገር ለውጬዋለሁ። ልጃቸው የማኘኪያ ከረሜላ ገዝታላቸዋለች፤ እዚህ «ጋሚ» የሚሉትን። ሳጥኑን አምጥታ አሳየችኝ። በላዩ ቀይ የእጅ ምልክት ያለበት፣ ለልጆች እንዳይሰጥ የሚያስጠነቅቅ ጽሑፍና የመርዝ መረጃ ማዕከል ስልክ አለ። በአንዱ ፍሬ 10 ሚሊግራም ቲኤችሲ (የካናቢስ አስካሪው ንጥረ ነገር)፣ በሳጥኑ በሙሉ 100። እናቲቱ አንዱን ሙሉ በሉ፤ ግማሽ ሰዓት ቢጠብቁ ምንም የለም። «ይሄ ነገር አይሠራም» ብለው ሌላ ጨመሩ። በአፍ የተወሰደ ካናቢስ እስኪሰማ ሁለት ሰዓት ሊፈጅ ይችላል፤ ከጀመረ ደግሞ ለሰዓታት አይለቅም። ለጀማሪ አዛውንት 2.5 ሚሊግራም እንኳ በጥንቃቄ ነው፤ እርሳቸው ስምንት እጥፉን ወሰዱ። «ልጄ፣ ቤቱ ዞረብኝ፤ ወለሉ ሸሸኝ» አሉኝ በማግስቱ። እግዚአብሔር ይመስገን አልወደቁም። የሚወስዱት መድኃኒት ውስጥ ግን ደም የሚያቀጥነው ዋርፋሪን ነበር። ካናቢስ ጉበት ዋርፋሪንን የሚያስወግድበትን መንገድ ሊያዘገየውና ደሙን ከሚገባው በላይ ሊያቀጥነው ይችላል። ዋርፋሪን ላይ ያሉ አዛውንት ዞሮባቸው ቢወድቁና ጭንቅላታቸውን ቢመቱ ምን እንደሚከተል ለማንም መናገር አያስፈልገኝም። ሱቁ ውስጥ ያለው ሻጭ ይህን አልጠየቃቸውም፤ ሥራው አይደለም።

እንግዲህ ለእንግዳ ምንም የለም ማለት ነው? አይደለም። እኔ ለሚጠይቁኝ ሁሉ የምለው፣ ሳይነገራቸው የቆየ ሕጋዊ መንገድ አለ ነው። ድሮናቢኖል የሚባል መድኃኒት አለ፤ የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን ለኬሞ ማቅለሽለሽ በ1985፣ በኤድስ ምክንያት ለሚመጣ የምግብ ፍላጎት መጥፋት በ1992 ያጸደቀው። ውስጡ ያለው በቤተ ሙከራ የተሠራ ቲኤችሲ ነው፤ ሱቁ ውስጥ ካለው ጋር ሞለኪዩሉ አንድ ነው። ልዩነቱ መጠኑ የታወቀ መሆኑ፣ እንክብሉ በሦስተኛው ምድብ መሆኑና ማንኛውም ፈቃድ ያለው ሐኪም በተራ ማዘዣ ሊያዘው መቻሉ ነው። ነዋሪነት የሚጠይቅ ነገር የለበትም። በጉብኝት ቪዛ የመጡ እናት ሐኪም ፊት ቀርበው፣ ተመርምረውና አስፈላጊ ሆኖ ከታዘዘላቸው ከኔ መስኮት ይወስዱታል፤ በማዘዣ የያዙት መድኃኒት ደግሞ በፌዴራሉም ሕግ ጥሰት አይደለም። ሲቢዲ ከተባለው ሌላ የካናቢስ ንጥረ ነገር የተሠራው ኤፒዲዮሌክስ የተባለ ፈሳሽም በ2018 ለከባድ የልጅነት የሚጥል በሽታ ዓይነቶች ጸድቋል፤ እሱም በማዘዣ ነው።

ስሰጣቸው የማስረዳው ከሌላው ታካሚ ይረዝማል። የድሮናቢኖል እንክብል ውስጡ የሰሊጥ ዘይት ነው፤ ሰሊጥ የማይስማማው ሰው አይወስደውም። ሽፋኑ ጄላቲን፣ ማለትም ከእንስሳ የሚወጣ ነው። በፍልሰታ የመጡ አንዲት እናት «ይሄ ጾም ያስፈታል እንዴ?» ብለው ጠይቀውኛል፤ እውነቱን ነግሬ ወደ ንስሐ አባታቸው ስልክ እንዲደውሉ አደረግሁ፤ «መድኃኒት ነው፣ ውሰጂ» አሏቸው። ይህ ባይነገራቸው ኖሮ ልጃቸው ስትሰጣቸው ተቀብለው ሶፋው ሥር ይከቱት እንደነበር አልጠራጠርም። በ2016 የጸደቀው የድሮናቢኖል ፈሳሽ ደግሞ ክብደቱ ግማሽ ያህል አልኮል ስለሆነ ሙስሊም ታካሚዎቼ አስቀድመው ማወቅ አለባቸው። እንቅልፍ፣ ማዞርና የልብ ምት መጨመርም ከሱቁ ካናቢስ እኩል ይጠበቃል። ሽንት ቢመረመር ቲኤችሲ ይታያልና ማዘዣውን አትጣሉት።

ለኬሞ ማቅለሽለሽ ደግሞ ብዙ ጊዜ ድሮናቢኖል ላይ መድረስ እንኳ አያስፈልግም። ኦንዳንሴትሮን የተባለው ማስመለስ ከልካይ መድኃኒት ርካሽና ውጤታማ ነው፤ ኦላንዛፒን በትንሽ መጠን ማታ ሲወሰድ ሌላው ያልቻለውን ሲያስቆም በተደጋጋሚ አይቻለሁ። ካናቢስ ፍለጋ የመጡ ቤተሰቦች ውስጥ እነዚህን ጨርሶ ያልሞከሩ ብዙዎች ናቸው፤ ምክንያቱም እናቲቱ ለሐኪሙ «ደህና ነኝ» ብለዋል። ልጅ ሲያስተረጉም እናት ሕመሟን ትደብቃለች። የሆስፒታል አስተርጓሚ ያለ ክፍያ የመጠየቅ መብት አላችሁ፤ ተጠቀሙበት።

ስለ መንገድም ልናገር። በሱቅ የተገዛ ካናቢስ የዋሽንግተንን ድንበር አያልፍም። ለዘመድ ጥየቃ ወደ ቫንኩቨር የሚሄድ ሰው ካናዳ ከ2018 ጀምሮ መፍቀዷን አይቶ እንዳይሳሳት፤ ድንበር ማሻገር በሁለቱም በኩል ወንጀል ነው። ወደ ኢትዮጵያ መውሰዱማ የወንጀል ሕጉን አንቀጽ 525 የሚጋፋ ነው፤ «የአሜሪካ ሐኪም ፈቅዶልኛል» የሚል ቅጽ ቦሌ ላይ አያድንም። ድሮናቢኖልም ቢሆን ዓለም አቀፍ ቁጥጥር ያለበት ስለሆነ ከጉዞ በፊት የኢትዮጵያ የምግብና መድኃኒት ባለሥልጣንን መጠየቅ ይገባል። አገር ቤት በየመንገዱ የሚሸጠው ጫት በበኩሉ እዚህ ውስጡ ባለው ካቲኖን ምክንያት አንደኛ ምድብ ነው። ስለዚህ አንዱ አገር ያያችሁትን ይዛችሁ ሌላው አገር ላይ አትፍረዱ።

ይህን የምታነቡ ልጆች፣ እናታችሁ ከመምጣታቸው በፊት የጥቁር አንበሳውን ወይም የሌላውን ሆስፒታል የሕክምና ወረቀት ቅጂ አስይዟቸው፤ እዚህ ያለ ሐኪም ያለ እሱ በጭፍን ነው የሚጀምረው። ሱቅ ከመግባታችሁ በፊት ፋርማሲ ግቡ፤ ምክራችን አይከፈልበትም፣ የነገራችሁንንም በምስጢር የመጠበቅ ግዴታ አለብን። የሚወስዱትን ሁሉ በአንድ ፌስታል ይዛችሁ ኑ፤ ካናቢስ ጀምረው ከሆነ እሱንም ጨምሩት።