«ማዛወር» ወይስ «መቅዳት»? ስለ ሁለት የኮምፒዩተር ቃላት ስያሜ

በሲ የኮምፒዩተር ቋንቋ «ደብልዩ-ሜም-ሙቭ» የሚባል ትእዛዝ አለ። ይኸውም እ.ኤ.አ. በ1995 በወጣው የደረጃ ማሻሻያ የገባ ሲሆን፣ ተግባሩ ሰፊ ቁምፊዎችን ከአንድ ድርድር ወደ ሌላ ማድረስ ነው። ሰፊ ቁምፊ ሲባል በመልኩ የተንጣለለ ፊደል ማለት አይደለም፤ በማኅደረ ትውስታ ውስጥ እንደ ሥርዓቱ አብዛኛውን ጊዜ 2 ወይም 4 ባይት የሚይዝ ማለት ነው። የግዕዝ ፊደልም እ.ኤ.አ. በ1999 በዩኒኮድ 3.0 መለያ ቁጥሮቹን ስላገኘ በዚሁ መልክ ሊቀመጥ ይችላል።

የስያሜው ችግር የሚመነጨው «ሙቭ» ከሚለው ቃል ነው። በቁሙ ቢተረጐም «ማዛወር» ይሆናል። ነገር ግን አንድ ሠራተኛ ከልደታ ወደ አራዳ ተዛወረ ቢባል፣ በልደታ የነበረውን ቦታ ለቀቀ ማለት ነው። ትእዛዙ ግን ምንጩን ባዶ አያደርግም።

ለምሳሌ ከ4 ተከታታይ ክፍሎች በመጀመሪያዎቹ 3 «ልደታ» ተጽፏል እንበል። «በ» የሚለውን መስተዋድድ ከፊት ለመጨመር ቃሉ በአንድ ክፍል ወደ ቀኝ መገፋት አለበት። ምንጩ ከ1ኛ እስከ 3ኛ፣ መዳረሻው ከ2ኛ እስከ 4ኛ ስለሆነ ሁለቱ ይደራረባሉ። ከግራ ተጀምሮ ቢቀዳ «ል» በ«ደ» ላይ ይጻፋል፤ ያው «ል» ወደ 3ኛውና ወደ 4ኛው ይተላለፍና «ልልልል» ይሆናል። ከቀኝ ሲጀመር ግን «ልልደታ» ይገኛል፤ በ1ኛው ክፍል የቀረው «ል» በ«በ» ሲተካ «በልደታ» ይሆናል። መዳረሻው ከምንጩ በፊት ሲሆን ደግሞ ከግራ መጀመር ይገባል።

ደብልዩ-ሜም-ሙቭ ይህን ጥንቃቄ ያሟላል፤ አቻው «ደብልዩ-ሜም-ኮፒ» ግን ለተደራራቢ ድርድሮች ዋስትና አይሰጥም። ስለዚህ ሁለቱን «ማዛወር» እና «መቅዳት» ብሎ የሚተረጕም ሰው አንባቢውን ያሳስታል። አንባቢው ልዩነቱን በምንጩ መቅረትና አለመቅረት ይፈልገዋል፤ ልዩነቱ ያለው ግን በመደራረቡ ላይ ነው። በዚህ ስሕተት የተጻፈ ፕሮግራም ምንም ማስጠንቀቂያ ሳይሰጥ ጽሑፍ ሊያበላሽ ይችላል።

«መገልበጥ» የሚለውም፣ ምንም እንኳ «ግልባጭ» በጽሕፈት ቤት የተለመደ ቢሆን፣ ፊትን ወደ ኋላ ማዞርን ስለሚያመለክት እዚህ ያደናግራል። «መቅዳት» ይሻላል፤ ውሃ ሲቀዳ ከምንጩ ቢጐድልም ጽሑፍ ሲቀዳ ዋናው አይጐድልምና።

በመሆኑም የሚከተሉት ስያሜዎች ለውይይት ቀርበዋል፦

ተራ ቅጂ፦ ምንጩና መዳረሻው በማይደራረቡበት ጊዜ ብቻ የሚሠራ፤

ጥንቁቅ ቅጂ፦ ቢደራረቡም መዳረሻው የምንጩን የቀድሞ ይዘት ሳይዛባ እንዲይዝ የሚያደርግ።