ቁልፉን ያልተጫነ ሁሉ አልሰማም?

እዚህ እስራኤል ውስጥ ቂርያት ጋት ከተማ የመረመርኳቸው የአንዲት ኢትዮጵያዊት እናት ኦዲዮግራም፣ ማለትም የመስማት ምርመራ ውጤት፣ እስካሁን ይከነክነኛል። መስመሩ በሁለቱም ጆሮ 45 ዴሲቤል አካባቢ ተጋድሟል። ከውስጥ ጆሮ የሚመለሰውን ድምፅ የሚቀዳው መሣሪያ ግን ከታካሚዋ ምንም መልስ አይጠብቅም፤ እሱ ከሁለቱም ጆሮ ጥርት ያለ ምላሽ አመጣ። አንዱ መስማታቸው ደክሟል ይላል፣ ሌላው የውስጥ ጆሯቸው ይሠራል ይላል፤ ሁለቱ ውጤቶች አብረው አይሄዱም። ድምፅ ሲሰማ የሚጫነውን ቁልፍ ለምን አልፎ አልፎ ብቻ እንደተጫኑ ብጠይቃቸው፣ «ልጄ፣ በደንብ ያልሰማሁትን ሰማሁ እላለሁ እንዴ?» አሉኝ።

በእኛ በመስማት መርማሪዎች ሙያ ውስጥ ከሥሩ የማይነቀል አስተሳሰብ አለ፤ ያልተጫነ አልሰማም የሚል። ሻል ያለው ደግሞ «የኢትዮጵያውያን ባህል ነው፣ ይጠነቀቃሉ» ይልና ፋይሉን ይዘጋል። ይህን ማብራሪያ መስማት ታክቶኛል። መመሪያውን «እርግጠኛ ሲሆኑ ይጫኑ» ከማለት ወደ «ቢጠራጠሩም ይጫኑ» ብትለውጡት የማንም ሰው የኦዲዮግራም መስመር ይነቃነቃል፤ ከሩሲያ የመጣውም፣ ከሞሮኮ የመጣውም። ጆሮው ያው ጆሮ ነው። የተለወጠው፣ ሰውየው «አዎ» ከማለቱ በፊት የሚፈልገው የማስረጃ መጠን ነው።

በኦክቶበር 2023 የጋዛው ጦርነት ሲጀመር ከተማው ሁሉ ይህን በራሱ ላይ አይቶታል። ሞተር ብስክሌት ሲያጓራ አዛካ (የሮኬት ማስጠንቀቂያ ድምፅ) መስሎን ወደ ማማድ (መጠለያ ክፍል) የሮጥን ስንት ነን! አዛካውን መሳት ነፍስ ያስከፍላል፤ በከንቱ መሮጥ የሚያስከፍለው ትንፋሽ ብቻ ነው። ዋጋው ሲለወጥ የውሳኔው መስመር ወረደ እንጂ ጆሯችን በአንድ ሌሊት አልተሳለም።

የመስማት አቅምን ከውሳኔው መስመር ለይቶ የሚያየው አስተሳሰብ የሲግናል ዲቴክሽን ንድፈ ሐሳብ ይባላል። ይበልጥ የሚያደክመኝ ግን ስለዚህ የተማረው ባልደረባ የሚሰጠው መልስ ነው፦ «የሲግናል ዲቴክሽን ንድፈ ሐሳብ ራሱ አከራካሪ አይደል?» አዎ፣ አከራካሪ ነው። ክርክሩ ምን ላይ እንደሆነ ግን ይታወቅ። የስሜት ተመራማሪው ፌክነር በ1860 መጽሐፉን ካወጣ ወዲህ ስሜት ደፍ አለው የሚለው ሐሳብ ነግሦ ኖሯል፤ ጥብቅ በሆነው መልኩ ከደፉ በታች ምንም መረጃ አያልፍም። ተመራማሪዎቹ ታነርና ስዌትስ በ1954 በዚሁ የሲግናል ዲቴክሽን ሐሳብ ይህን ተገዳደሩ። በ1961 ከበርድሳል ጋር ባወጡት ሥራ፣ ተመልካቾች የብርሃን ብልጭታ ከአራት የጊዜ ክፍሎች በየትኛው እንደነበር እንዲመርጡ፣ ከዚያም ሁለተኛ ምርጫ እንዲሰጡ ተጠየቁ። ከደፍ በታች ያለው ባዶ ቢሆን ኖሮ፣ የመጀመሪያውን የሳተ ሰው ሁለተኛ ምርጫ ከሦስት አንዱን ብቻ ባገኘ ነበር። ውጤቱ ከዚያ በግልጽ በለጠ። የሳተው ሰው ውስጥም መረጃ ነበረ።

ክርክሩ በዚያ አላበቃም። ብሮደርና ሹትስ በ2009 ስለ ማስታወስ ፈተናዎች ሲጽፉ፣ ሰዎች «ምን ያህል እርግጠኛ ነህ» ተብለው በሰጡት መልስ የሚሳለው ኩርባ የደፍ ሞዴሎችን ለመጣል አይበቃም ብለው ተሟገቱ። ዊትና ባልደረቦቿ በ2015 የባሰውን አመጡ፦ የውሳኔ መስመር ብለን የምንለካው ቁጥር፣ ሰው መልስ ሲሰጥ የሚያሳየውን አድልዎ ገና ሲያይ ከሚፈጠር መዛባት አይለይም። ሞተሩን አዛካ ነው ብለን ወሰንን ወይስ በእርግጥ አዛካ ሰማን? ቁጥሩ አይነግረንም። ይህን እቀበላለሁ። ስለ እኚያ እናትም «ሰምተው ነው ዝም ያሉት» ብዬ እንድጽፍ ቁጥሩ ብቻውን መብት አይሰጠኝም።

ነገር ግን ከተከራካሪዎቹ አንዱም ቢሆን በዝምታ ውስጥ የተጫኑትን አትቁጠሩ አላለም! 100 ጊዜ ድምፅ፣ 100 ጊዜ ዝምታ ስጡ እንበል። አንዱ ሰው ድምፅ ሲኖር 90 ጊዜ፣ በዝምታው 40 ጊዜ ተጫነ። ሌላው 60 እና 10። እኛ 90ንና 60ን ብቻ አይተን የሁለተኛው ጆሮ ደክሟል እንላለን። በሲግናል ዲቴክሽን ስሌት የሁለቱም የመለየት አቅም 1.53 ገደማ ነው። ደፍ አለ የሚሉት በሚጠቀሙበት በሁለት ደፎች ሞዴል ስሌት ደግሞ የሁለቱም 50 ከመቶ ነው። ለአሥርታት የማይስማሙት ወገኖች ስለ እነዚህ ሁለት ሰዎች አንድ ዓይነት ፍርድ ይሰጣሉ፤ የተለየ ፍርድ የምንሰጠው በዝምታ የተጫኑትን ያልቆጠርነው እኛ ነን።

በ10 ዴሲቤል እየወረድን በ5 እየወጣን የምናገኘው ቁጥር ይህን ግማሽ መረጃ አይዝም። በዝምታ ደጋግሞ የተጫነ ሰው ካጋጠመን «ውጤቱ አስተማማኝ አይደለም» ብለን በዳር እንጽፋለን። አንድም ጊዜ ያልተሳሳተውን ግን ጥሩ ታካሚ ነው እንላለን፣ የውሳኔ መስመሩን ምን ያህል ከፍ አድርጎ እንዳሰመረ ሳናውቅ። እኔ ለእንዲህ ያለ ሰው ምርጫ እሰጠዋለሁ፦ ድምፁ የነበረው በመጀመሪያው ነው ወይስ በሁለተኛው? ሰማሁ ማለት አይጠበቅበትም፣ አንዱን ይጥራ። ጊዜ ይወስዳል፣ ውጭ ተራ የሚጠብቀውም ያጉረመርማል። ለማያስፈልገው ጆሮ የመስሚያ መሣሪያ አዝዞ፣ ከወራት በኋላ ፋይሉ ላይ «ታካሚዋ መሣሪያውን አይጠቀሙም» ብሎ ከመጻፍ ግን ይቀላል።