በ130 ዶላር የተሸጠው ጀግና

ከሐረር ከተማ ወጣ ብሎ ድሬ ጠያራ የሚባል ቦታ አለ። «ድሬ» በኦሮምኛ ሜዳ ማለት ሲሆን፥ «ጠያራ» ደግሞ ከዐረብኛ የመጣና አባቶቻችንም አውሮፕላንን ይጠሩበት የነበረ ቃል ነው። እንግዲህ ስሙ ሲፈታ የአውሮፕላን ሜዳ እንደ ማለት ነው። የሰው ልጅ ወደ ሰማይ የሚወጣን ነገር ማድነቁን አይተውም፤ ለአገር ስም እስከ ማድረግ ይደርሳል። ዛሬ ግን ለአንባቢዎቻችን ልናወራ ያሰብነው ክንፍም ሞተርም ሳይኖረው ስለሚበር አንድ ሰው ነው። ይኸውም በቀይ ካባውና በደረቱ ምልክት ዓለም የሚያውቀው ሱፐርማን ነው።

ይህን ጀግና በሲኒማ ያላየ ወጣት ጥቂት ነው። ማን እንደ ፈጠረውና ፈጣሪዎቹ ምን እንዳተረፉ የሚያውቅ ግን ከዚያ ያነሰ ስለ ሆነ፥ ታሪኩን ከሥሩ ጀምረን እንናገራለን። ዘመኑን ሁሉ የምንቆጥረው እንደ አውሮጳ አቆጣጠር ነው።

ሱፐርማንን ያስገኙት ጄሪ ሲግልና ጆ ሹስተር የሚባሉ ሁለት ወጣቶች ናቸው። ሁለቱም በ1914 ከአውሮጳ ከተሰደዱ የአይሁድ ቤተ ሰቦች ተወለዱ። የተዋወቁትም በአሜሪካ፥ በክሊቭላንድ ከተማ፥ በግሌንቪል ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ነው። ጄሪ ይጽፋል፤ ጆ ይሥላል። ጊዜው ሥራና ገንዘብ ከአሜሪካ የጠፉበት ክፉ ጊዜ ነበር። የጄሪ አባት አሮጌ ልብስ እየሸጠ ቤተ ሰቡን የሚያስተዳድር ሰው ነበርና፥ በ1932 ዘራፊዎች ሱቁ ገብተው ሳለ ልቡ ቆሞ ሞተ። ጥይት የማይበሳው ጀግና የተፀነሰው ከዚህ ኀዘን ነው የሚሉ ጸሐፊዎች አሉ።

የሚያስደንቀው ነገር የመጀመሪያው ሱፐርማን ጀግና አለመሆኑ ነው። ሁለቱ ጓደኛሞች በ1933 ራሳቸው ባዘጋጁት ትንሽ መጽሔት ያወጡት «ሱፐርማን» በአእምሮው ኃይል ሰውን የሚጎዳ ራሰ በራ ክፉ ሰው ነበር። ቆየት ብለው ግን አሳባቸውን ለወጡና ኃይሉን ለደካማ መከታ አደረጉት። ክሪፕተን የምትባል ዓለም ልትፈነዳ ስትል አባቱ ሕፃኑን በሮኬት አሳፍሮ ወደ ምድር ሰደደው፤ በምድርም ደጋግ ባልና ሚስት አሳደጉት ተባለ። ሕፃኑ ሙሴ በቅርጫት ሆኖ በወንዝ ዳር የተቀመጠበትን ታሪክ ለሚያውቅ አንባቢ ነገሩ ፈጽሞ እንግዳ አይሆንበትም። ሲያድግም ክላርክ ኬንት በሚል ስም፥ መነጽር አድርጎና አንገቱን ደፍቶ፥ በጋዜጣ ዝግጅት ክፍል ተቀጠረ። በእኛ በጋዜጣ ሰዎች መካከል ጀግና ተሸሽጎ ይኖራል ብሎ የሚጠረጥር ስለማይኖር፥ መሸሸጊያው በጥሩ ዘዴ የተመረጠ ነው።

መብረርም ቢሆን በኋላ የመጣ ነው። መጀመሪያ ሱፐርማን ይዘል ነበር እንጂ አይበርም ነበር፤ አንዱ ዝላዩም 200 ሜትር ያህል ይሆናል። እንደ ልቡ መብረር የጀመረው በ1940ዎቹ መጀመሪያ፥ ዝናው ወደ ራዲዮና ወደ ሲኒማ ከተሻገረ ወዲህ ነው።

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንመለስ። ሲግልና ሹስተር ሥራቸውን ይዘው ለብዙ ዓመታት ከጋዜጣ ወደ ጋዜጣ ቢዞሩም የሚቀበላቸው አጡ። በመጨረሻ በማርች 1938 አንድ የኒውዮርክ አሳታሚ 13 ገጹን ታሪክ በገጽ 10 ዶላር ሒሳብ ገዛቸው፤ ጠቅላላው 130 ዶላር ሆነ። ከገንዘቡ ጋር የቀረበላቸው ወረቀት ግን የጀግናውን መብት ሁሉ ለዘለዓለም ለኩባንያው የሚያስረክብ ነበር። የ23 ዓመት ልጆች ነበሩና ደስ ብሏቸው ፈረሙ።

በዚያው ዓመት «አክሽን ኮሚክስ» የተባለው መጽሔት አንደኛ ቁጥር፥ በሽፋኑ ላይ ሱፐርማን አውቶሞቢል አንሥቶ ሲያላትም እያሳየ፥ በ10 ሳንቲም ተሸጠ። ከዚያ ቁጥር አንዱ ቅጂ በ2024 በ6 ሚሊዮን ዶላር ተሸጧል። ይባስ ብሎ ያ 130 ዶላር ከሌላ ሒሳብ ጋር ተደምሮ የተከፈለበት የ412 ዶላር ቼክ ራሱ በ2012 160 ሺሕ ዶላር አወጣ። ቁራጭ ወረቀቱ ለፈጣሪዎቹ ከከፈለው ገንዘብ ይልቅ እጅግ የበለጠ ዋጋ አገኘ ማለት ነው!

ሁለቱ ወዳጆች በ1947 ከኩባንያው ጋር ተካሰሱ። ነገሩ በ1948 በስምምነት ቢያልቅም ጀግናውን አላስመለሱም፤ ስማቸውም ከገጹ ተፋቀ። ሹስተር ዐይኑ ደከመ፤ ሲግልም በታይፕ ጸሐፊነት ተቀጠረ። በ1975፥ ትልቁ የሱፐርማን ፊልም ሊሠራ ሲል፥ ሕዝብና የሙያ ጓደኞቻቸው ጮኹላቸውና ኩባንያው ለእያንዳንዳቸው በዓመት 20 ሺሕ ዶላር ጡረታ ቈረጠ፤ ስማቸውንም መለሰ። የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም ይባላል፤ የብዕር ወለምታስ 37 ዓመት ታሽቶ እንኳ በሙሉ አልዳነም።

ይህን ከራሳችን ጋር ብናስተያየው ይጠቅማል። በሐረርም ሆነ በሌላው የአገራችን ክፍል የአቡናዋስን ተረት እየሰማ ያደገ ብዙ ነው። አቡናዋስ ከ1,200 ዓመት በፊት በባግዳድ የነበረ ባለቅኔ ሲሆን፥ በተረት ግን ኃያላንን በብልሃት የሚረታ ሆኖ እስከ እኛ ደርሷል። እርሱን የገዛው ኩባንያ የለም፤ የሚያወራው ሁሉ ባለቤቱ ነው። በመጽሔት የተወለደ ጀግና ግን በወረቀት ላይ ባለቤት አለው፤ ባለቤቱም ሁልጊዜ የፈጠረው ሰው አይደለም።

የእኛም አገር ልጆች እነሆ ይህን መንገድ ጀምረዋል። የሱፐርማን መጽሔት 1,000ኛ ቁጥሩን ባወጣበት በ2018፥ በሥራት ደበበ ኤታን ኮሚክስ በሚባለው የራሱ ድርጅት «ጀምበር» የተባለውን የኢትዮጵያ ጀግና በአማርኛና በእንግሊዝኛ አሳተመ፤ ሴቷ ጀግና «ሀዊ»ም ተከተለች። በሥራት ለአሳታሚ ከመሸጥ ይልቅ ራሱ አሳታሚ መሆኑ ከሥዕሉ ውበት ያላነሰ ቁም ነገር ነው።

በአገራችን ሕግም አለ። በእኛ አቆጣጠር በ1996 ዓ.ም. የወጣው የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ ዐዋጅ ቁጥር 410፥ ደራሲ የሥራው አመንጪ መሆኑን የማሳወቅ መብት ይሰጠዋል፤ የገንዘብ ጥቅሙንም በሕይወት ዘመኑና ከሞተ በኋላ ለ50 ዓመት ይጠብቅለታል። ነገር ግን ሕግ ሳያነብ ለሚፈርም ሰው ብዙ ሊረዳው አይችልም።

ስለዚህ በደብተሩ ጠርዝ ላይ ጀግና የሚሥለው ተማሪ፥ ሥዕሉን ከሚያሳምርበት ትጋት ጥቂቱን ውል ለማንበብ ይቈጥብ። ነገ በየመሥሪያ ቤቱ ውል የሚያረቀው ወጣት ሹምም፥ ከጠረጴዛው ወዲያ የተቀመጠው ልጅ ቸኩሎ እንደሚፈርም ዐውቆ፥ እያንዳንዱን ቃል ያስረዳው። ሁለቱን የክሊቭላንድ ልጆች ለመርዳት በዚያች ቀን ጥይት የማይበሳው ሰው አያስፈልግም ነበር፤ «ቆዩ፥ መጀመሪያ አንብቡት» የሚል አንድ ሰው ይበቃቸው ነበር።