ፎዣሳይት፦ ግማሹ ባዶ የሆነ ድንጋይ

ከዚዮላይት ማዕድናት፣ ማለትም ውስጣቸው በጥቃቅን ባዶ ክፍሎች ከተሞላ ማዕድናት ሁሉ፣ ልቤን የሚይዘው ፎዣሳይት ነው። ስሙ ከፈረንሳዊው የጂኦሎጂ ሊቅ ከፎዣ የመጣ ሲሆን፣ ማዕድኑን እ.ኤ.አ. በ1842 የገለጸው የማዕድን ተመራማሪው ዳሙር ነው። መጀመሪያ የታወቀው በደቡብ ምዕራብ ጀርመን፣ በጥንታዊው የካይዘርሽቱል እሳተ ገሞራ፣ ዛስባኽ አጠገብ ነው። ላቫው ሲቀዘቅዝ ጋዝ ትቶት በሄደው ጉድጓድ ግድግዳ ላይ ተለጥፎ ይገኛል። በአጉሊ መነጽር ስታዩት ሁለት ፒራሚዶች በመቀመጫቸው የተጋጠሙ ይመስላል።

ድንቁ ግን ውስጡ ነው። ሲሊኮን፣ አሉሚኒየምና ኦክስጅን ተያይዘው የሠሩት ቤት ግማሽ ያህሉ ባዶ ነው። የክፍሎቹ በር 0.74 ናኖሜትር ገደማ ይሰፋል፤ ለዚዮላይት ይህ በጣም ሰፊ ነው። ክፍሎቹን ውሃ ይሞላቸዋል፤ የክብደቱ ሩብ ያህል ውሃ ነው! በሙከራ ቱቦ ቀስ ብላችሁ ብታሞቁት ውሃው ወጥቶ የቱቦው አፍ ላይ እንደ ላብ ጠብታ ይሠራል፣ ድንጋዩ ግን አይፈርስም። ሲቀዘቅዝ ከአየሩ እርጥበት መልሶ ይጠጣል።

በተፈጥሮ እጅግ ብርቅ ስለሆነ ኢንዱስትሪው የሚጠቀመው በፋብሪካ የሚሠራውን አቻውን፣ ዚዮላይት ዋይን ነው። ከእ.ኤ.አ. 1960ዎቹ ጀምሮ በነዳጅ ማጣሪያዎች ውስጥ ከባዱን የድፍድፍ ክፍል ሰባብሮ ቤንዚን የሚያደርገው ይኸው ነው።