ወንዝ የማይወስደው ዲግሪ

የምሥራቅ ሱዳኗ ኒው ሀልፋ ከመፈናቀል የተወለደች ከተማ ናት። የአስዋን ግድብ ዋዲ ሀልፋን ሊያሰጥማት ሲል፣ በ1964 (እ.ኤ.አ.) ኑቢያውያን በባቡር ተጭነው አትባራ ወንዝ አጠገብ ሰፈሩ። እርሻቸውን የሚያጠጣው የኸሽም ኤል ግርባ ግድብ ውሃ ከእኛው ደጋ የሚወርድ ነው፤ ተከዜ ሰቲት ተብሎ ከአትባራ ይገጥማል። በ2020 መጨረሻም ጦርነት ከትግራይ ያፈናቀላቸው በአስር ሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች በዚሁ ወንዝ በኩል ተሻገሩ፤ ብዙዎቹ ገዳሪፍ ግዛት ወዳሉት ኡም ራኩባና ቱናይድባህ መጠለያዎች ተወሰዱ። በ2023 ካርቱም ስትታመስ ደግሞ መተማ ላይ ጉዞው ተገላቢጦሽ ሆነ።

ነፍሱን ለማዳን የሚሮጥ ተማሪ ትራንስክሪፕቱን ከሳጥን ለማውጣት ፋታ የለውም። በኋላ ሬጅስትራሩን ልጠይቅ ቢል ቢሮው ራሱ ጦርነት ውስጥ ነው። ብሎክቼይን፣ ማለትም የሰንሰለት መዝገብ፣ የሚገባው እዚህ ጋ ነው።

ዲግሪው ሰንሰለቱ ላይ አይሰፍርም። ዩኒቨርሲቲው ፋይሉን በሒሳብ ቀመር ሲያሳልፈው አሻራ ይወጣለታል፤ ሻ-256 በተባለው ቀመር 64 ፊደልና ቁጥር ይሆናል። ከትራንስክሪፕቱ አንዲት ‹ሲ›ን ወደ ‹ኤ› ብትለውጡ አሻራው በጥቂቱ አይዛነፍም፤ ከነጭራሹ ሌላ ይሆናል። ይህ አሻራ በዩኒቨርሲቲው ዲጂታል ፊርማ ጸድቆ፣ በየአገሩ ባሉ ኮምፒውተሮች እኩል በሚቀመጥ መዝገብ ይጻፋል። ፋይሉን ተመራቂው በስልኩ ወይም በኢሜይሉ ይይዛል። ቀጣሪው ከቀረበለት ፋይል አሻራ አውጥቶ ያመሳክራል። የዩኒቨርሲቲው ሰርቨር ቢቃጠል እንኳ ማመሳከሩ አይቋረጥም።

የቆጵሮሱ ኒቆሲያ ዩኒቨርሲቲ በ2014 በቢትኮይን ሰንሰለት ምስክር ወረቀት ሰጥቷል። ኤምአይቲ በ2017 ለ111 ተመራቂዎች በስልክ የሚያዝ ዲፕሎማ ሞክሯል። ኢትዮጵያ የተመኘችው ከዚህ ሁሉ በላይ ነበር። በሚያዝያ 2021 ትምህርት ሚኒስቴርና ካርዳኖ የተባለውን ብሎክቼይን ያበለጸገው አይኦኤችኬ ኩባንያ፣ በ3,500 ትምህርት ቤቶች የ5 ሚሊዮን ተማሪዎችን ውጤት አታላ ፕሪዝም በተባለ የዲጂታል መታወቂያ ሥርዓት ለመመዝገብ መስማማታቸውን አስታወቁ። ከታች ለመጀመር ማሰቡ ልክ ይመስለኛል፤ የዩኒቨርሲቲ ማስረጃ የሚቆመው በትምህርት ቤቱ ማስረጃ ላይ ነውና።

በከፍተኛ ትምህርት ደግሞ ምዘናው ራሱ ወደ ኮምፒውተር ገብቷል። በ2023 የተጀመረውን የመውጫ ፈተና ተማሪው የሚወስደው ስክሪን ፊት ተቀምጦ ነው፤ በመጀመሪያው ዙር 150 ሺህ ግድም ተፈትነው ያለፉት 40 በመቶ ያህሉ ነበሩ። ከመነሻው ዲጂታል ለሆነ ውጤት አሻራ ማውጣት ከባድ ሥራ አይደለም።

የቴክኖሎጂው ሻጮች ቶሎ የማይነግሯችሁ ነገር ግን አለ። መዝገቡ የሚመሰክረው ከተጻፈ በኋላ አለመነካካቱን ብቻ ነው። ያልተማረ ሰው ስም በእጅ መንሻ ከገባ፣ ውሸቱም እንደ እውነቱ የማይሰረዝ ይሆናል። አገርኛ ጥያቄም ይከተላል፦ ኮስት ሼሪንጉን ያልከፈለ ተመራቂ ኦሪጅናሉ ይያዝበታል። አሻራውስ የሚጻፈው በምረቃው ቀን ነው ወይስ ዕዳው ሲያልቅ? ይህን ፕሮግራመር አይወስነውም።

ለነገሩ ሰንሰለቱ የሚጠቅመው ከመሸሹ በፊት ለተመዘገበ ሰው ነው። ወረቀቱን ጥሎ ለተሻገረው ዩኔስኮ ሌላ መንገድ አለው፤ በ2019 ዛምቢያ ላይ የተሞከረው የስደተኞች የትምህርት ፓስፖርት። ገምጋሚዎች በእጁ ያለውን ሰነድ ይመረምራሉ፤ ከዚያ ፊት ለፊት አስቀምጠው ምን እንደተማረ ይጠይቁታል።