የአያቴ ጠገራ ብር እና የእኔ የጥርስ ሳሙና

ኮልፌ አጠና ተራ አካባቢ ያለው ቤታችን ክረምት ሲገባ ጣሪያው ያፈሳል። ባልዲና ሳህን እንደረድራለን፤ ለምደነዋል። ባለፈው ሐምሌ ግን የሚንጠባጠበው ውሃ ያረፈው ቁም ሳጥኑ አናት ላይ የነበረው የአያቴ የብስኩት ቆርቆሮ ላይ ነው።

ውስጡ ብዙ ሀብት የለም። አያቴ ከእናታቸው የወረሷቸው ሦስት ጠገራ ብሮች፣ አንድ የምኒልክ ብር፣ የጃንሆይ ስሙኒና ሽልንግ፣ ከዚያ ደግሞ እኔ የታክሲ ረዳት ሳይቀር እየለመንኩ ያጠራቀምኳቸው የ1969 ሳንቲሞች። ሁሉም በአሮጌ ጋዜጣ ተጠቅልለው፣ በላስቲክ ታስረው ነበር። ስከፍተው ጋዜጣው በስብሷል፣ ብሮቹ ጠቁረዋል።

ደነገጥኩ። ከዚያ ምን አደረግኩ መሰላችሁ? የምኒልኩን ብር በጥርስ ሳሙናና በአሮጌ ብሩሽ ፈተግኩት! አበራ፤ እኔም ደስ አለኝ። በማግስቱ ቤተል አካባቢ ለሚኖሩ ሳንቲም ሰብሳቢ አዛውንት ወስጄ ሳሳያቸው፣ መነጽራቸውን እንኳ ሳያደርጉ «አጥበኸዋል አይደል?» አሉኝ። በብርሃን ዘንበል ሲያደርጉት የአንበሳው ጎፈር በጭረት ተሞልቷል። ለሰብሳቢ የታጠበ ብር ዋጋው ይወርዳል፤ ጥቁረቱ የዕድሜው ልብስ ነው፣ አንዴ ከተገፈፈ አይመለስም። ሎሚም፣ አመድም፣ እንዶድም ያው ናቸው።

ጥፋተኞቹን አንድ በአንድ ነገሩኝ። ብርን የሚያጠቁረው ድኝ ነው፤ ጋዜጣም የጎማ ላስቲክም ድኝ አላቸው። ማለትም ገና ጣሪያው ሳያፈስ እኛው ስናበላሸው ኖረናል። «እሺ በፕላስቲክ አደርገዋለሁ» ስላቸው ሳቁ። ያ የቀበሌ መታወቂያ የምንከትበት ለስላሳና የሚሸት ላስቲክ ከሁሉም የባሰ ነው፤ ከጊዜ በኋላ አረንጓዴ የሚያጣብቅ ነገር ያወጣና ብረቱን ይበላዋል። የሚሻለው ደረቅ ያለ፣ ሽታ የሌለው ጥርት ያለ ፕላስቲክ ነው፤ ለእያንዳንዱ ሳንቲም ለየብቻው፣ እንዳይፋጩ። ለእርጥበቱ ደግሞ ከአዲስ ጫማ ሳጥን ውስጥ አውጥተን የምንጥላት ትንሽዬ ከረጢት ትበቃለች፤ እርጥበት ጠጥታ ስትጠግብ ግን መቀየር አለባት። ሲያነሱም በጠርዝ በጠርዙ ነው፤ የጣት ላብ አሻራውን ትቶ ይሄዳል።

ስለ ዓመተ ምሕረትም ተሞኝቼ ነበር። ጠገራው 1780 ስለሚል የዚያን ዘመን መስሎኝ! ማሪያ ቴሬዛ የሞተችው በዚያ ዓመት ነው፤ ብሩ ግን ቪየና፣ ሮም፣ ለንደን፣ ቦምቤይ እስከ 20ኛው ክፍለ ዘመን ድረስ ያንኑ ዓመት እንደያዘ ሲመታ ኖሯል። የጃንሆይ ሳንቲሞች 1936፣ የደርጎቹም 1969 እንዳሉ ለዓመታት ተመትተዋል። እና ቲክቶክ ላይ «ይሄ 1969 የሚል ሳንቲም ካላችሁ ሚሊየነር ናችሁ» የሚላችሁን ሰው አትመኑት። ለጠገራው ሚዛን ይሻላል፤ ትክክለኛው 28 ግራም ገደማ ይመዝናል፣ ማግኔትም አይስበውም። በነገራችን ላይ ጥርስ ጥርስ ያለው የጃንሆይ ስሙኒ መጀመሪያ ክብ ነበር። በመጠን ከሽልንጉ ጋር ስለተቀራረበ ተሰብስቦ ነው ጠርዙ የተቀየረው።

ስልካችሁ እዚህ ላይ ይጠቅማል። እያንዳንዷን ሳንቲም ፊትና ጀርባ ከማስመሪያ ጋር አንሱ፣ ክብደቷን ጻፉ፣ ፎቶውን ከስልኩ ውጭም አስቀምጡ። ስልክ ይሰረቃላ! ቴሌግራም ላይ መለጠፍ ግን ሌላ ነገር ነው። እኔ አንዴ ለጥፌ በአንድ ሌሊት «ሰፈርህ የት ነው?» የሚል ሦስት መልእክት ደረሰኝ፤ አጠፋሁት። አንዱ «ውጭ አገር የሚልክ ሰው አለኝ» ብሎኝ ነበር። አዋጅ ቁጥር 209/1992 ቅርስን ያለ ፈቃድ ከአገር ማውጣት እንደሚከለክል ያወቅኩት ከዚያ በኋላ ነው። በተለይ የአክሱም ዘመን ሳንቲም ከመሬት ያገኘ ሰው ሊያሳውቅ እንጂ ሊሸጥ አይገባም።

አሁን ቆርቆሮው የለም። ክዳኑ ግጥም የሚል ዕቃ ገዝቼ ከቁም ሳጥኑ አናት አውርጄ መሐል ላይ አስቀምጬዋለሁ። አያቴ ግን አልተስማሙም። «እኔ በእጄ ካልነካሁት ብር ነው ወይ?» አሉኝ። ድሮ ጠገራ የሚቀበል ሰው የንግሥቲቱን የትከሻ ጌጥ፣ ነጠብጣቦቹን ሳይቀር ቆጥሮ ነበር የሚቀበለው፤ እሳቸውም ከእናታቸው የለመዱት እንደዚያ ነው። ተከራክረን ተከራክረን ሁለቱን እኔ ፕላስቲክ ውስጥ አስቀመጥኩ። ሦስተኛው መቀነታቸው ላይ ተቋጥሯል፤ ማታ ማታ ፈተው በአውራ ጣታቸው ይቆጥሩታል።