ከካራማራ ሥር ያለው ሣር

[ምስል፦ ከካራማራ ተራራ ወደ ምሥራቅ የተዘረጋው ሜዳ፣ በማለዳ ብርሃን።]

ተራኪ፦ ከሐረር ተነሥቶ ባቢሌንና የዳካታን ሸለቆ አልፎ ወደ ምሥራቅ የሚጓዝ መንገደኛ፣ በ1978 ጦርነት ስሙ የገነነውን የካራማራን ተራራ በተሻገረ ጊዜ፣ እስከዚያ ድረስ በቋጥኝና በግራር ተጋርዶ የቆየው ዓይኑ በአንድ አፍታ ይፈታና፣ ከባሕር ወለል በላይ በ1,600 ሜትር ገደማ ላይ የተነጠፈው የጅግጅጋ ሜዳ ከአድማስ እስከ አድማስ ይታየዋል። (በዚህ ዝግጅት የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ካሜራ ያነገበ ሰው ግን እዚህ ብዙ አይቆይም። ወይ በቶጎ ውጫሌ በኩል ወደ በርበራ፣ ወይም በአይሻና በደወሌ አድርጎ ወደ ጅቡቲ ወርዶ፣ የባሕሩን ዳርቻና የደሴቶቹን አዕዋፍ ለማንሣት ይቸኩላል። ምኞቱ የሚነቀፍ አይደለም፤ ባሕር ውበቱን ከማንም አይሰውርምና። እኛ ግን በሜዳው ላይ መቆየትን መርጠናል፤ ምክንያቱም ዳርቻውና ደሴቱ ነገም የሚገኙ ሲሆኑ፣ የዚህ ሣር ዕድሜ ግን እንደዚያ የተረጋገጠ አይደለም።

[ምስል፦ ባዶ ሜዳ፤ በሩቅ የግመል መንጋ።]

በ1890ዎቹ መጀመሪያ ስዌይን የተባለ የእንግሊዝ ጦር መኮንን፣ ማራር ብሎ በጠራው በዚህ ሜዳ ላይ ሲያልፍ፣ እያንዳንዱ በመቶ የሚቆጠር ብዙ የቆርኬ መንጋ በአንድ ዕይታ ተመልክቶ፣ ያየውን ሁሉ በ1895 ባሳተመው መጽሐፍ ገልጦታል፤ እንስሳውም በ1892 በሳይንስ ሊቃውንት ዘንድ በእርሱ ስም ተሰየመ። ነገር ግን ደስታ የሚባለው የከብት በሽታ በዚያው ዘመን የአገሩን ከብትና የዱር እንስሳ አንድ ላይ ፈጀ፤ የተረፈውንም ጠመንጃ ተከተለው። ዛሬ የስዌይን ቆርኬ ከኢትዮጵያ በቀር በሌላ አገር የማይገኝ ሲሆን፣ ሊያየው የሚወድ ሰው ከሻሸመኔ በስተምዕራብ ወዳለው ወደ ሰንቀሌ ወይም ወደ ማዜ መሄድ አለበት እንጂ በጅግጅጋ ሜዳ አንድ እንኳ አያገኝም። እኛም ያን ታላቅ ትዕይንት የምናውቀው ከመጽሐፍ ገጽ ብቻ ነው።

ካሜራ በዚያ ዘመን ለዚህ አገር እንግዳ አልነበረም። ፈረንሳዊው ባለቅኔ አርተር ራምቦ፣ ነጋዴ ሆኖ በሐረር ሲኖር፣ ከሊዮን ከተማ ባስመጣው መሣሪያ በ1883 የራሱን መልክና የከተማይቱን ገጽታ አንሥቶ ለቤተሰቡ ሲልክ፣ የሚያጥብበት ውኃ መልካም ባለመሆኑ ሥዕሎቹ እንደ ነጡበት በደብዳቤው ገልጧል። ፍጹም ባይሆኑም ከእነዚያ ሥዕሎች የቀሩት ዛሬም ይታያሉ። ለቆርኬውም መንጋ እንዲህ ያለ አንድ የነጣ ወረቀት ቢተርፍለት ኖሮ፣ የጅግጅጋ ልጅ ሜዳው ምን እንደ ነበረ በዓይኑ አይቶ በተረዳ ነበር።

[ድምፅ፦ ነፋስ በሣር ውስጥ፤ ቀጥሎ የወፍ ዜማ።]

አሁን ወደ ትንሿ ፍጥረት እንምጣ። ከ1914 እስከ 1922 የእንግሊዝ ሶማሌላንድን ያስተዳደረው ጄፍሪ አርቸር፣ ከበርበራና ከዘይላ ዳርቻ ጀምሮ እስከ ደጋው ድረስ ያሉትን አዕዋፍ ሲመረምር፣ ከዚህ ብዙም በማይርቀው የጠረፍ ሜዳ አንዲት ቡናማ ወፍ አገኘ፤ ሊቃውንት ላርክ ከሚሏቸው ወገን ናት፤ በ1920ም በስሙ ተጠራች። ከ1922 በኋላ ግን ማንም እንዳያት የሚመሰክር ጠፋ። በ1968 በደቡብ፣ በነገሌ አጠገብ ባለው በሊበን ሜዳ፣ የእርሷ ዘመድ የምትመስል ወፍ ተገኝታ ለብዙ ዓመታት ራሷን የቻለች ዝርያ ተብላ ቆየች። በ2011 በጅግጅጋ አቅራቢያ ባለው ሣር ውስጥ የጠፋችው ወፍ እንደገና ስትታይ፣ በ2013 የታተመው ምርመራ ደግሞ የጅግጅጋይቱና የሊበኒቱ ወፎች አንድ ዝርያ መሆናቸውን በደም ዘራቸው አረጋገጠ፤ ለጥፋት እጅግ ከቀረቡት የዓለም አዕዋፍ መካከልም ተቆጠረች።

ይህችን ወፍ ለማንሣት የሚሻ ሰው አስቀድሞ በጉልበቱ መንበርከክ አለበት። እግሯ ረዥም፣ ዓይኗ ትልቅ፣ ጀርባዋ የደረቀ ሣር ቀለም ያለው ነው፤ ሰው ሲቀርባት ከመብረር ይልቅ በሣሩ ግንድ መካከል ሹልክ ብላ ትሮጣለች፤ ቆሞ የሚፈልጋትም ሣር ብቻ አንሥቶ ይመለሳል። ወንዱ ግን በማለዳ ከሣሩ በላይ ወጥቶ እያዜመ ያንዣብብና መልሶ ይወርዳል፤ ያችን ጊዜ ለመያዝ ፀሐይ ሳትወጣ በደረት ተኝቶ ረዥሙን ሌንስ ከአፈሩ አጠገብ አስተካክሎ መጠበቅ ግድ ነው። ረፋዱ ላይ ምድሩ ሲግል አየሩ ይርገበገባል፤ የዓለም ምርጥ ሌንስ ቢሆን እንኳ ከዚያ በኋላ የሚያነሣው ላባ ጠርዙ የፈሰሰ ይሆናል። የቶጎ ውጫሌ መኪኖች የሚያስነሡት አቧራም በሜዳው ላይ ወርቅማ መጋረጃ ይዘረጋል፤ ለመልክዐ ምድር ሥዕል ያማረ ነው፣ ለወፊቱ ግን ጠላት ነው።

ጎጆዋን በምድር ላይ፣ በሣር ሥር ስለምትሠራ፣ የፎቶግራፍ አንሺው ጫማ ራሱ አጥፊ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ የእረኛውን ዱካ መከተል ይሻላል፤ ከሁሉ አስቀድሞም ለእረኛው ሰላምታ ሰጥቶ፣ ፈቃዱን ጠይቆ፣ ከሰላምታው በኋላ ስለ ግጦሹ መጨዋወት ይገባል። ከብቱን የሚጠብቀው ሰው ሣሩ በየትኛው ዓመት እንደ ለመለመ፣ በየት በኩል እንደ ታረሰ ከማንም ይልቅ ያውቃልና።

[ምስል፦ በዳካታ ሸለቆ፣ በጎን ብርሃን የተመቱ ቋጥኞች።]

የዳካታ ቋጥኞች ብዙ ማብራሪያ አያስፈልጋቸውም፤ ድንጋዩ በስንጥቁ በኩል በዝናብና በነፋስ ተሸርሽሮ፣ ጠንካራው ክፍል በቀጭን አንገት ላይ ቀርቷል፤ ፀሐይ ስታዘቀዝቅም ጥላው ቅርጹን ሁሉ ያጎላዋል። በ1970 የተቋቋመው የባቢሌ የዝሆኖች መጠለያም የራሱ ዝግጅት ይገባዋል። ዝሆንና ቋጥኝ ግን ጎብኚ ሁሉ የሚያነሣቸው ናቸው፤ ሣር ለማንሣት ብሎ የሚመጣ ጥቂት ነው።

ወፊቱን በብርቱ የሚያሰጋት የሣሩ መመናመን ነው፤ ማረሻው ይገፋል፣ ግጦሹ ይበዛል፣ ቁጥቋጦው ይስፋፋል። የሚያርሰውም ሰው ልጆቹን ለመመገብ ነውና አይወቀስም። ነገሩን በውል ለማየት፣ ከጅግጅጋ፣ ከቀብሪ በያህና ከአውበሬ ከተሞች ያሉ ካሜራ የያዙ ወጣቶች የየአካባቢያቸውን ሜዳ፣ ካረን ከሚባለው ዝናብ በኋላ በየዓመቱ፣ ከዚያው ቦታ ቆመው፣ ወደዚያው አቅጣጫ ቢያነሡት፣ የእርሻውን ድንበርና የሣሩን ጠርዝ በየዓመቱ ማስተያየት ይቻላል። ከእያንዳንዱ ሥዕል ጋራ ቦታው፣ ቀኑና ሰዓቱ፣ በዚያም ማለዳ የወፊቱ ዜማ መሰማት አለመሰማቱ ይጻፍ።